የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ ሥራውን ጨርሶ የሚሟሟ የነርቭ ኤሌክትሮድ

ጥያቄ፦ ወንድሜ በመኪና አደጋ ክርኑ ላይ አልናር የሚባለው ነርቭ ተቆርጦ ተሰፍቶለታል። ነርቭን በኤሌክትሪክ አነቃቅቶ ቶሎ እንዲያድግ የሚያደርግ፣ ከዚያም ሰውነት ውስጥ ሟሙቶ የሚጠፋ መሣሪያ አለ ይባላል። እውነት ነው? የትስ ይገኛል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወሬው መሠረት አለው፤ ለወንድምዎ የሚደርስ ግን አይደለም። መሣሪያው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ለነርቩ የሚያደርሰው ኤሌክትሮድ፣ ገና በእንስሳት ላይ የሚሞከር እንጂ ሐኪም የሚያዝዘው ሕክምና አልሆነም። በሰፊው የተወራለት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲው ጆን ሮጀርስ ቡድን ከሴንት ሉዊሱ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር ሆኖ ሳያቲክ በሚባለው የአይጥ የእግር ነርቭ ላይ ሞክሮታል። ገመድም ባትሪም የለውም፤ ኃይሉን ከቆዳ ውጭ ካለ ማሰራጫ ይቀበላል። ነርቩ በቀን 1 ሰዓት፣ ለ1፣ ለ3 ወይም ለ6 ቀን ተነቃቃና አይጦቹ ለ10 ሳምንት ታዩ። የተነቃቁት ካልተነቃቁት በተሻለ አገገሙ፤ ቀኑ በበዛ ቁጥርም የጡንቻው ጉልበት በተሻለ ተመለሰ።

በሰው ላይ ማነቃቃቱ የተሞከረው በማይሟሟ ተራ ሽቦ ነው፦ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወዲያው፣ በሰከንድ 20 ምት፣ ለ1 ሰዓት፤ በድምሩ 72,000 ምት መሆኑ ነው። ካናዳ ውስጥ የእጅ አንጓ ነርቭ ተጨምቆባቸው በተከፈተላቸው ሰዎች ላይ ውጤት አሳይቷል።

ለእናንተ ዋናው ጉዳይ ጊዜ ነው። ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ከክርን እስከ መዳፍ ጡንቻዎች ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ስላለ ወደ 10 ወር ይፈጃል። ጡንቻ ደግሞ ያለ ነርቭ ከ12 እስከ 18 ወር ከቆየ በኋላ ነርቩ ቢደርስለትም እምብዛም አይመለስም። ሐኪሙ ከተሰፋበት ቦታ ጀምሮ ወደ ታች በጣቱ መታ መታ ሲያደርግ አንድ ቦታ ላይ ንዝረት ይሰማል፤ ያ ቦታ በየወሩ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ጣት መውረድ አለበት። 3 ወር ሙሉ ካልተንቀሳቀሰ የእጅና የነርቭ ቀዶ ሐኪም ዘንድ ሳይዘገዩ ይሂዱ። እስከዚያው ጣቶቹን በየቀኑ ማንቀሳቀስ፣ የደነዘዘውን ቆዳ ከምድጃና ከትኩስ ብርጭቆ መጠበቅ ነው።

ጥያቄ፦ ተራውን ሽቦ ተክሎ በኋላ መንቀል ሲቻል፣ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? (ነርስ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መንቀሉ ራሱ አደጋ ስላለው። ሥጋ በሽቦው ላይ ይያዛል፤ ሲሳብ ሊበጠስና ቁራጩ ሊቀር ይችላል፤ ቆዳውን በስቶ የወጣበት ቀዳዳም የጀርም መግቢያ ነው። ልብ ላይ ደግሞ ይከፋል፦ ኒል አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ2012 ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ጊዜያዊው የልብ ምት ሽቦ ሲነቀልለት ውስጡ ደም ፈስሶ ነው ሕይወቱ ያለፈው።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ሥራዬ ፒኤልጂኤ በሚባለው ሟሟ ፕላስቲክ ላይ 300 ናኖ ሜትር ማግኒዚየም አንጥፌ ኤሌክትሮድ ሠራሁ። ጨዋማ ውሃ ውስጥ በ1 ቀን ተቋረጠ፤ ፕላስቲኩ ግን ምንም አልሆነም። ምን አጠፋሁ? (የባዮሜዲካል ምህንድስና ተማሪ፣ ከጅማ)

መልስ፦ ፕላስቲኩ ለመሟሟት ሳምንታት መፍጀቱ ውሃ አያሳልፍም ማለት አይደለም። ፒኤልጂኤ ከመሟሟቱ አስቀድሞ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ላዩ ያለውን ስስ ብረት ይሰነጥቃል። የዚያ ውፍረት ማግኒዚየም እርጥበት ካገኘው ዕድሜው በሰዓታት ይቆጠራል። እንግዲህ የመሣሪያውን ዕድሜ የሚወስነው ከፕላስቲኩ ይልቅ የሽፋኑ ውሃ መከላከልና የብረቱ ውፍረት ነው።

ብረቱን ይለውጡ። ከ10 እስከ 15 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ያለው የሞሊብዲነም ፎይል በሌዘር ቢቆረጥ ሳምንታት ይቆያል። ብረትን (አይረንን) አይሞክሩ፤ ዝገቱ እንደ ልብ ስለማይሟሟ እዚያው ይከማቻል። ሽፋኑን ከታችም ከላይም ያድርጉ፤ ፖሊአንሃይድራይድ ወይም ሟሟ ሰም ከፒኤልጂኤ ይልቅ ውሃ ይከላከላል። ነርቩን የሚነካው መስኮት ብቻ ይከፈት። ጠርዙንና ሽቦው የሚገናኝበትን ቦታ ሁለት ጊዜ ይለብጡ፤ አብዛኛው ብልሽት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሙከራው በ37 ዲግሪ፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 7.4 በሆነ የፎስፌት ጨው ውሃ ይሁን፤ ውሃውን በየ2 ቀኑ ይቀይሩ። ማግኒዚየም ሲሟሟ ፒኤቹን ከፍ ያደርገዋል፤ ይህም የራሱን መሟሟት ያዘገያል፣ መሣሪያው ላይ ሲሊከን ካለ ደግሞ የሲሊከኑን መሟሟት ያፋጥናል፤ ስለዚህ ባልተቀየረ ውሃ የተገኘ ቁጥር አይታመንም። ጊዜ ለማሳጠር ብለው ሙቀቱን 60 ዲግሪ አያድርሱ። ፒኤልጂኤ ደረቅ ሳለ እንኳ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ግድም ይለሰልሳል፤ ከዚያ በላይ የሚለኩት ሌላ ቁስ ነው ማለት ይቻላል። በየቀኑ ኢምፒዳንሱን (ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለውን መቋቋም) በ1 ኪሎ ኸርዝ ይመዝግቡ፦ ድንገት ሽቅብ ከዘለለ መስመሩ ተሰንጥቋል፤ ቀስ እያለ ከወረደ ሽፋኑ አፍስሶ ውሃው ብረቱን በሰፊው እየነካ ነው። በእንፋሎት ማምከን አይታሰብም፤ እርጥበቱና ሙቀቱ መሣሪያውን ገና ሳይተከል ይጨርሱታል። እስኪፈለግ ድረስም ከእርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር አሽገው ያስቀምጡት።

ሲያነቃቁ እያንዳንዱን ምት በተቃራኒ ምት ያመጣጥኑ፤ ፖዘቲቩ ምት ብረቱን ይበላዋል። ተቃራኒውን ምት ዝቅ አድርጎ ማስረዘም ይህን ይቀንሳል። ምልክት መቅዳት ከፈለጉ ለእሱ የተለየ መገናኛ ይመድቡ። የነርቭ ምልክት በማይክሮ ቮልት የሚለካ ስለሆነ፣ እየሟሟ ያለ ማግኒዚየም የሚፈጥረው የቮልቴጅ መዋዠቅና የሃይድሮጂን አረፋ ይውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከአይጥ አንጎል ገጽ ላይ ለአንድ ወር ያህል ለመቅዳት የተመረጠው ስስ ሲሊከን መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሟሙቶ የቀረው ብረት አይመርዝም? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ በዚህ መጠን ብረቱ ራሱ አያሰጋም። 1 ሴንቲ ሜትር በ5 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ 50 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ያለው ማግኒዚየም 4.4 ሚሊ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አዋቂ ሰው ከምግብ በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ይፈልጋል። ሞሊብዲነም ላይ ግን ሒሳቡ ጠበቅ ይላል። የዚሁ ስፋት፣ ባለ 10 ማይክሮ ሜትር ፎይል 5 ሚሊ ግራም ነው፤ የቀን ፍላጎታችን 45 ማይክሮ ግራም፣ ከምግብ የሚፈቀደው ጣሪያ ደግሞ በቀን 2 ሚሊ ግራም ነው። በወር ከተሟሟ በቀን 0.17 ሚሊ ግራም ስለሚደርስ ከጣሪያው በታች ነው። ከመርዙ ይልቅ የሚታሰበው ጋዝ ነው፦ ያ ሁሉ ማግኒዚየም ሲሟሟ 4.5 ሚሊ ሊትር ያህል ሃይድሮጂን ይወጣዋል። በአንድ ወር ውስጥ ከሆነ ሥጋው ቀስ በቀስ ይወስደዋል፤ ሽፋኑ ተቀዶ በአንድ ቀን ከወጣ ግን ነርቩ አጠገብ ይጠራቀምና ኤሌክትሮዱን ከነርቩ ያላቅቀዋል።