መጀመሪያ ትንፋሹን ስሙ፦ ለመድረክና ለፊልም ሙዚቃ መሥራት ለምትፈልጉ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ ትጠይቁኛላችሁ። «በሙዚቃዊ ቴአትር ልጀምር ወይስ በፊልም?» መልሱን አልደብቃችሁም። ከዚያ በፊት ግን ስለ አንድ የልምምድ ቀን ላጫውታችሁ።

ገና ጀማሪ ነበርኩ። ለአንድ ሙዚቃዊ ቴአትር ዜማ እንድሠራ ተጠራሁ። ለዋናዋ ተዋናይት አንድ ትልቅ ዘፈን ሠራሁላት። ሌት ተቀን ደክሜበታለሁ። መጨረሻው ላይ ሽቅብ የሚወጣና ረጅም ጊዜ የሚያዝ ኖታ ነበረው። ብቻዬን ፒያኖ ላይ ስጫወተው እንባዬ ይመጣ ነበር።

ልምምድ ላይ ልጅቷ ሞከረችው። ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ደገመችው፣ አሁንም ተሰነጠቀ። እኔ ግን «ትችያለሽ፣ አንዴ ድገሚው» እያልኩ አስቸገርኳት። ስድስተኛው ሙከራ ላይ ወንበር ስባ ቁጭ አለችና ዝም አለች። አዘጋጁ ጠጋ ብሎ፣ «ዜማውን ለጊዜው ተወው። ግጥሙን ስታነበው ብቻ ስማት» አለኝ።

አነበበችው። ለጓደኛዋ እንደምታወራ አድርጋ። እኔ እርሳስ አንስቼ ትንፋሽ በወሰደች ቁጥር ወረቀቱ ላይ ነጥብ አደረግሁ። አንዱ መስመር ላይ «እናቴን…» ብላ ቆም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «አልነገርኳትም» አለች። እኔ ሁለቱን ቃላት በአንድ ረጅም ዜማ አያይዤ ጎትቻቸው ነበር። የዚያች ሴት ጸጸት ሁሉ የነበረው ግን በሁለቱ መሀል፣ ቆም ባለችበት ቦታ ላይ ነው። የሠራሁት ዜማ ያንን ቦታ ሸፍኖት ነበር።

ሌሊቱን ዘፈኑን እንደ አዲስ ሠራሁት። ሦስት ግማሽ ቶን ዝቅ አደረግሁት። ያ ረጅም ኖታ ቀረ። አንጀቴ እያረረ ነው የሰረዝኩት። መድረክ ላይ ያቺ ቆምታ ስትመጣ ግን አዳራሹ በሙሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ተዋናዩ ሲያነበው ሳልሰማ አንድም ግጥም ዜማ ሠርቼለት አላውቅም።

ይህ ነገር የደረሰው በእኔ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 «ኤ ሊትል ናይት ሚዩዚክ» ለመድረክ ሲዘጋጅ፣ አሜሪካዊው የዜማና የግጥም ደራሲ ስቲቨን ሶንድሃይም ለተዋናይቷ ለግሊኒስ ጆንስ ልምምድ መሀል ላይ አዲስ ዘፈን መሥራት ነበረበት። ጆንስ ድምፅዋ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ኖታ ይዛ ረጅም መቆየት አትችልም። ስለዚህ አጫጭር ሐረጎችን አበዛላት። ብዙዎቹንም ጥያቄ አደረጋቸው፤ ጥያቄ በአጭር ይቋጫላ። «ሴንድ ኢን ዘ ክላውንስ» እንዲህ ተወለደ። ከዘፈኖቹ ሁሉ በሕዝብ ዘንድ የታወቀው ይኸው ነው። አንዲት ተዋናይት የማትችለውን ነገር አክብሮ ተነሣና የዘፈኑን መልክ እዚያው አገኘው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ለሙያችን ያለኝ ፍቅር ይጨምራል።

ፊልምም ትንፋሽ አለው። የሚገኘው በንግግሩና በቆረጣው፣ ማለትም ምስሎቹ ተቆርጠው በሚቀጣጠሉበት መንገድ ውስጥ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው የሚሄደው። ኤዲተሩ ትዕይንቱ መጀመሪያ ላይ 12 ፍሬም ቢቀንስ ግማሽ ሰከንድ ሄደ ማለት ነው። በሩ ሲዘጋ እንዲመታ ያሰባችሁት ከበሮ በሩ ከተዘጋ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ቆረጣው ሳያልቅ እያንዳንዱን ምት ከምስሉ ጋር ለማጋጠም አትድከሙ። መጀመሪያ ከዳይሬክተሩ ጋር ቁጭ ብላችሁ ፊልሙን ያለ ሙዚቃ እዩት። ሙዚቃው የት ይገባል? የት ይወጣል? የመውጫው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ተመልካቹ ግን ሙዚቃው ድንገት ሲጠፋ ወዲያው ይሰማዋል።

ንግግር ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ለቃሉ ቦታ ልቀቁለት። ወፍራም ድምፅ ያለው ተዋናይ እያንሾካሾከ እናንተ ቼሎ ብትደርቡበት የሚናገረው አይሰማም። መሣሪያውን ከእሱ ድምፅ በላይ ወይም በታች ውሰዱት። ካልሆነ ዝም በሉ።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ዳይሬክተሮች ቆረጣ ላይ እያሉ ከሌላ ቦታ የተወሰደ ጊዜያዊ ሙዚቃ ያስገባሉ። ለወራት እሱን ሲሰሙ ይከርሙና ይለምዱታል። እናንተ ስትመጡ የሚፈልጉት ያንኑ ነው። ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1968 ለወጣው ፊልሙ «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» የሙዚቃ ደራሲውን አሌክስ ኖርዝን ሙዚቃ አሠርቶት ነበር። በመጨረሻ ግን የኖርዝን ሥራ ትቶ ከዚያ በፊት የተጻፉ የክላሲካልና የዘመናዊ ሙዚቃ ሥራዎችን ተጠቀመ። ኖርዝ ሙዚቃው መቅረቱን ያወቀው ተጠናቆ የቀረበውን ፊልም ሲያይ ነው። ይህ ሲነገር እንኳን ያማል። በበኩሌ ጊዜያዊውን ሙዚቃ አንድ ጊዜ ብቻ እሰማለሁ። ከዚያ ዳይሬክተሩን፣ «እዚህ ላይ ምን ስሜት ሰጠህ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። የሚመልስልኝን ስሜት ይዤ እሄዳለሁ፤ ዜማውን እዚያው እተወዋለሁ።

ዳይሬክተሩ የተሳሳተ ከመሰላችሁስ? በወሬ አትከራከሩ። ሠርታችሁ አሰሙት። «ሳይኮ» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሠራ ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ የመታጠቢያ ቤቱ ግድያ ያለ ሙዚቃ እንዲሆን ነበር የፈለገው። የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ኸርማን ግን ጻፈለት። ለመላው ፊልም የተጠቀመው የክር መሣሪያዎችን ብቻ ነው። ሂችኮክ ሲሰማው ሐሳቡን ለወጠ። ልብ በሉ፣ ኸርማን ሙዚቃውን ያስገባው ትዕይንቱ እንደሚፈልገው አምኖ ነው።

ስለ ገንዘብ አጠር አድርጌ ልንገራችሁ። ያለ ውል አንድ ኖታ አታስረክቡ። ሥራው የማን ንብረት ይሆናል? ቴአትሩ በሌላ ቦታ ሲታይ ወይም ፊልሙ ሲተላለፍ ሮያሊቲ (ሥራው በታየ ቁጥር የሚከፈል ድርሻ) ታገኛላችሁ ወይ? እስከ ስንት ጊዜ አሻሽሉ ትባላላችሁ? ሥራው ቢቀርስ ይከፈላችኋል? እነዚህን አስጽፉ። እኔ በወጣትነቴ በቃል ብቻ ተስማምቼ ሠርቼ፣ ቴአትሩ ለዓመታት ሲታይ ምንም ያላገኘሁበት ጊዜ አለ። እናንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። በመድረክ ጀምሩ። ፊልም ላይ ተመልካቹ ሥራችሁን የሚሰማው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። መድረክ ላይ ግን ሰው ፊት ለፊታችሁ ተቀምጧል፣ ነገም ሌላ ሰው ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1962 የሶንድሃይም አስቂኝ ቴአትር «ኤ ፈኒ ቲንግ ሃፐንድ ኦን ዘ ዌይ ቱ ዘ ፎረም» የኒው ዮርክ ትልልቅ ቴአትሮች ከሚታዩበት ከብሮድዌይ በፊት ለሙከራ ሲታይ ሰው አልሳቀም። የቴአትርና የዳንስ አዘጋጁ ጀሮም ሮቢንስ ሊረዳቸው መጥቶ ችግሩ መክፈቻው ላይ መሆኑን አየ። መክፈቻው ለስላሳ የፍቅር ዘፈን ስለነበር ሰዉ ለመሳቅ እንደመጣ አላወቀም። ሶንድሃይም «ኮሜዲ ቱናይት»ን ሠርቶ መክፈቻ አደረገው። ቴአትሩም ተሳካ።

እናንተም ሥራችሁ በሚታይበት ምሽት ከመድረኩ ጀርባ አትቁሙ። ውጡና ከኋላ ረድፍ ተቀመጡ። መድረኩን ተዉትና ሰዉን ስሙ። ሳል ከየትኛው የግጥም መስመር ላይ እንደጀመረ፣ ወንበር የቱ ጋ እንደተንቋቋ ጻፉ። ጠዋት ከግጥም ደራሲው ጋር ስትገናኙ ከዚያ መስመር ጀምሩ። እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ።