መልስ፦ በኮሞ ሐይቅ በጀልባ ለመዞር ከየት ልጀምር?

እህቴ፣ በነሐሴ ሚላን ስትመጪ የኮሞ ሐይቅ ዳር ከተሞችን በአንድ ቀን በጀልባ ለማየት ከየት እንደምትነሺ ጠይቀሻል። እኔ ብሆን ከኮሞ ከተማ አልነሳም። በዚያ ወቅት ሰልፉ አይጣል ነው። በዝግተኛዋ ጀልባ ሐይቁ ዳር እስካለችው ቤላጆ ከተማ ደግሞ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ይልቅ ከሚላን ማዕከላዊ ጣቢያ በባቡር ሌላዋ የሐይቁ ዳር ከተማ ቫሬና ሂጂ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከጣቢያው በእግርሽ ወርደሽ ወደቡ ጋ ትደርሻለሽ። ቫሬና፣ ቤላጆና ሜናጆ ሐይቁ መሃል ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ፈጣኗን ጀልባ ተያት፤ ዋጋዋ ይጨምራል፣ የምታይውም በመስኮት ነው። መኪና የምትጭነዋ ትሻላለች። መኪኖቹ በብረት መወጣጫው ላይ እየተንኳኩ ሲገቡ አንቺ ቶሎ ብለሽ ላይኛው ፎቅ ላይ ቦታ ያዢ።

ሹራብ አትርሺ። ከቀትር በኋላ ብሬቫ የሚሉት ነፋስ ከደቡብ ይነሳል፤ ውሃውም ይናወጣል። ሆድሽ ቶሎ የሚረበሽ ከሆነ ረጅሙን ጉዞ ጠዋት ጨርሺው።

ቤላጆ ላይ ምሳ ኪስ ያራቁታል። ሚላን ፖርታ ቬኔዚያ ካሉት የሐበሻ ቤቶች ቋጥረሽ ብትሄጂ ማንም አይታዘብሽም። ሚሶልቲኒ የሚባል ጨው ተነስንሶ ፀሐይ ላይ የደረቀ ዓሣ ግን ቅመሺ፤ ፍልሰታን ካልጾምሽ ማለቴ ነው።

ኦገስት 15 የጣሊያኖች በዓል ስለሆነ ያን ቀን ባትሄጂ ይሻላል። የመጨረሻዋን የመመለሻ ጀልባ ሰዓትም ጠዋቱኑ ወደቡ ላይ አረጋግጪ።