እረኛ የሌለበት ተራራ፦ በመጸው ወራት በፒክአፕ ወደ ኔቫዳ ከፍታዎች ለምትወጡ ወገኖች

በላስ ቬጋስ ከምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል፣ የከተማው ሙቀት ጋብ ሲል ፒክአፓቸውን ጭነው ወደ ምሥራቅ ኔቫዳ ተራሮች የሚወጡና እዚያው የሚያድሩ ወገኖች እየበዙ መምጣታቸው ደስ ያሰኛል። ለዚህ ጉዞ ሲዘጋጁ ግን አብዛኞቹ በሁለት ነገር ይተማመናሉ፤ አንደኛው ደገኛ መሆናቸው፣ ሁለተኛው ጥሩ ሾፌር መሆናቸው ነው። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ይህ ምድር የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። በስሜን ተራሮችም ሆነ በባሌ፣ መንገድ የሳተ ሰው ብዙ ሳይቆይ እረኛ ወይም ከገበያ የሚመለስ ገበሬ ያገኛል፤ መኪናው ጭቃ የያዘበትም ገፊ አያጣም። ዋይት ፓይን የተባለው የኔቫዳ ካውንቲ ግን 23,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ኖሮት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የሕዝብ ቆጠራ የነዋሪው ቁጥር 9,000 ገደማ ብቻ ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የሚኖሩት ኢሊ በተባለችው ከተማና በዙሪያዋ ነው። በአገር ቤት ሰው የሚያደርግላችሁን ነገር ሁሉ እዚህ ራሳችሁ ጭናችሁ መውጣት ይኖርባችኋል፤ የምመክረውም በሙሉ ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

አካባቢው ግሬት ቤዚን ይባላል። ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጉ ተራሮች በየመካከላቸው ሰፋፊ ደረቅ ሸለቆዎችን ይዘው ይደረደራሉ፤ ከፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚነሣውን እርጥበት የሴራ ኔቫዳ ተራሮች አስቀድመው ስለሚያስቀሩት ለዚህኛው ወገን የሚተርፈው ጥቂት ነው። የሚወርደውም ውኃ እንደ አዋሻችን ባሕር ሳይደርስ በየብስ ላይ ይቀራል፤ አዋሽ ቢያንስ እስከ አቤ ሐይቅ ይዘልቃል፣ የዚህ አገር ጅረት ግን ብዙ ጊዜ ከተራራው ግርጌ እንደ ደረሰ ጠጠሩ ውስጥ ሰርጎ ይጠፋል። ስለዚህ በካርታ ላይ በሰማያዊ የተሰመረ ወንዝ በጥቅምት ደረቅ አሸዋ ሆኖ ቢጠብቃችሁ አትደነቁ። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ውኃ ያዙ፤ በዚያ ላይ መኪናው ቢበላሽ ሰው እስኪደርስላችሁ የምትቆዩበትን የሁለትና የሦስት ቀን ጨምሩ። ውኃውን በበርካታ ጀሪካኖች መክፈል ይሻላል፤ አንዱ ቢቀደድ ሌላው ይተርፋል፤ ሌሊት በረዶ ሆኖ እንዳይሰነጥቃቸውም እስከ አፋቸው አትሙሏቸው። ምንጭ ስታገኙ ደግሞ አጠገቡ አትስፈሩ፤ የኔቫዳ ሕግ እንስሳት ከሚጠጡበት ውኃ 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ያህል ሳይርቁ እንስሳቱን በሚከለክል ሁኔታ መስፈርን አይፈቅድም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ሰው የምመርጥለት እ.ኤ.አ. በ1986 የተከለለውን የግሬት ቤዚን ብሔራዊ ፓርክ ነው። የመስቀል ሰሞንና ከዚያ ቀጥለው ያሉት ጥቂት ቀናት በከፍታው ላይ አስፐን የተባለው ዛፍ ቅጠሉ ወርቅማ የሚሆንበት ጊዜ ስለሆነ፣ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አስፋልቱ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ከታችኛው ክፍል በላይ ግን ከ24 ጫማ የሚረዝም ተሽከርካሪ አይፈቀድም፤ አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር ሲገባም የላይኛው መንገድ በበረዶ ምክንያት ይዘጋል። ከመንገዱ መጨረሻ የሚነሣው አጭር የእግር መንገድ ብሪስልኮን ወደተባሉት ጥንታዊ ጥዶች ያደርሳል። በዚሁ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 ለጥናት ተብሎ የተቆረጠ አንድ ጥድ ቀለበቱ ሲቆጠር ከ4,800 ዓመት በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ እንዲህ ያለው ስሕተት አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ መመለሻ ስለሌለው፣ ወድቆ የደረቀውን እንጨት እንኳ ለማገዶም ሆነ ለማስታወሻ አትንኩ።

ከፓርኩ ውጭ ያለው ሰፊ ምድር በአብዛኛው በፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ሥር ሲሆን፣ ክልከላ ካልተለጠፈ በቀር ያለ ክፍያ በአንድ ቦታ እስከ 14 ቀን ማደር ይቻላል። ሌላ ሰው አድሮበት ምልክቱ ያለበትን ቦታ ምረጡ እንጂ አዲስ መሬት አትርገጡ፤ በረሃው ላይ ጠቆር ብሎ የሚታየው የአፈር ቅርፊት ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ ጎማ ከሄደበት ለማገገም ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል።

ደገኛ ነኝ ለሚለው ወገን ደግሞ የምለው አለኝ። ላስ ቬጋስ ከባሕር ጠለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ናት፤ ከድሬዳዋም እጅግ ዝቅ ትላለች። ጎንደር ወይም ደብረ ብርሃን ያደገ ሰውነት እንኳ ለከፍታ ያዳበረውን ልማድ ቆላ ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ሲቀመጥ ይተወዋል፤ ዓመታት የተቀመጠውማ ምን ይባላል? ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት በፓርኩ ታችኛው ሰፈር፣ በ2,200 ሜትር ገደማ እደሩ፤ በማግሥቱ ከፍ በሉ። በፓርኩ ውስጥ ያለው የዊለር ተራራ ጫፍ 3,982 ሜትር ነው፤ ደርሶ መልሱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን 900 ሜትር ያህል ሽቅብ ያስወጣል፤ ዛፉ ካለቀ በኋላ ያለው የተራራው ጀርባ ላይ ነፋሱ ሰው የሚያንገዳግድበት ቀን ብዙ ነው። ጎሕ ሲቀድ ተነሡ፤ የትም ብትደርሱ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን ፊታችሁን መልሱ፤ በጥቅምት አጋማሽ ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የያዘው ሰው «ይለቀኛል» ብሎ ቢከራከራችሁም ይዛችሁት ውረዱ።

ሌሊቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ቀን በሸሚዝ የዋላችሁበት ቦታ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የቀንና የሌሊቱ ልዩነት 20 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ብርዱ በአብዛኛው የሚገባው ከላይ ሳይሆን ከካሶኒው ብረት ስለሆነ፣ ውድ ስሊፒንግ ባግ ገዝቶ ከሥሩ ስስ ምንጣፍ የሚያነጥፍ ሰው ገንዘቡን ከስሯል። ጋቢን በተመለከተ፣ ደረቅ በሆነ ካሶኒ ውስጥ ከላይ ለመደረብ የሚወዳደረው የለም፤ ነገር ግን ጥጥ እርጥበት ይዞ ሰውነትን ስለሚያቀዘቅዝ ለእግር ጉዞ የሱፍ ወይም የሰው ሠራሽ ልብስ ልበሱ።

አሁን የምለውን ግን ከሁሉም በላይ አጥብቃችሁ ያዙልኝ። ከቤታችን ልማድ አንዱ ከሰል አያይዞ ቡና ማፍላት ነው፤ ነፋሱ ሲበረታም ከሰሉን ወደተከደነው ካሶኒ ወይም ወደ ድንኳኑ የማስገባት ፈተና ይመጣል። ከሰል አመድ ለብሶ ጭሱን ቢያቆምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም፤ ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የፒክአፕ ክዳንን በሚያህል ጠባብ ቦታ ደግሞ ለመግደል ብዙ ጊዜ አይፈልግም። በከፍታ ላይ አደጋው የሚከፋበት ምክንያት አለ፤ የመጀመሪያ ምልክቶቹ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ በመሆናቸው ሰዎች ከፍታው ነው ብለው ይተኛሉ። ስለዚህ ከሰል በምንም ምክንያት ወደ ውስጥ አይግባ፤ ካረፋችሁበት ቦታ የእሳት እገዳ መኖር አለመኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁና ውጭ አፍሉት፤ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ከራስጌያችሁ አንጠልጥሉ። በጋዝ ማሞቂያም አትተማመኑ፤ አንዳንዶቹ ከ2,100 ሜትር ገደማ በላይ ራሳቸውን ያጠፋሉ፣ የሚሠሩትም ቢሆኑ መስኮት ሳይከፈት መለኮስ የለባቸውም። ለምግብ ማብሰያ ፕሮፔን ያዙ፤ ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አይነድም።

ወደ መኪናው ልለፍ። በከተማ አስፋልት ላይ ዓመታት የነዳ ሰው በፒስታ ላይ ጀማሪ ነው። ሹል ድንጋይ የከተማ ጎማን ጎን በቀላሉ ስለሚቀደው፣ ለፒክአፕ ተብለው የተሠሩ ወፍራም ጎማዎችን ግዙ፤ ትርፉ ጎማም እንደ ሌሎቹ ሙሉ መጠን ያለው ይሁን። ረጅም ፒስታ ስትገቡ የጎማውን ንፋስ በሩብ ያህል ቀንሱ፤ ወደ አስፋልት ስትመለሱ መሙያ የሚሆናችሁን ትንሽ ኮምፕረሰር፣ የቀዳዳ መድፈኛና ክሪክ ያዙ፤ ክሪኩ አሸዋ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚገባ ጣውላም ያስፈልጋል። ጎሚስታ በየመንገዱ አይገኝም። ነዳጅ በእያንዳንዱ ከተማ ሙሉ፤ በ50 ቁጥር አውራ ጎዳና ከኢሊ እስከ ዩሪካ ባለው 124 ኪሎ ሜትር ገደማ አንድም ማደያ የለም። በሌሊት አትንዱ፤ ከብቱ ያለ እረኛና ያለ አጥር መንገድ ላይ ይተኛል፤ በክፍት ግጦሽ ምድር ላይ ላም የገጨ ሰው ከባለቤቷ ካሣ መጠየቅ አይችልም።

ስልኩ የሚያሳያችሁን መንገድ ሁሉ መንገድ ብላችሁ አትመኑ። እ.ኤ.አ. በ2011 ከካናዳ ወደ ላስ ቬጋስ ይጓዙ የነበሩ ባልና ሚስት ጂፒኤስ በመራቸው የሰሜን ኔቫዳ የተራራ መንገድ ላይ መኪናቸው ጭቃ ያዘው። ባልየው እርዳታ ፍለጋ በእግራቸው ሄደው ሕይወታቸው አለፈ፤ ከመኪናው ያልራቁትን ሚስት ለአደን የወጡ ሰዎች ከሰባት ሳምንት ያህል በኋላ በሕይወት አገኟቸው። መኪና ከሰው ይልቅ ከሩቅ ይታያል፣ ከነፋስም ያስጠልላል፤ ስለዚህ ስትቆሙ ከመኪናችሁ አትራቁ። ካርታውን አስቀድማችሁ ወደ ስልኩ አውርዱ፣ የወረቀትም ያዙ፤ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ወይም ይህ አገልግሎት ያለው ስልክ ቢኖራችሁ ዋጋውን አትቁጠሩ።

ስለ ስንቅ ብዙ አልልም፤ በሶ፣ ቆሎና ቋንጣ አባቶቻችን ለእንዲህ ያለው መንገድ ያዘጋጁልን ነው። በ3,000 ሜትር ላይ ውኃ በ90 ዲግሪ ስለሚፈላ ምስር እዚያ ለመቀቀል አትነሡ፤ ወጡን ከቤት ሠርታችሁ ውጡ። ጥቅምት የአደን ወቅት ስለሆነ ብርቱካናማ ሰደርያ ልበሱ። ግሪን ካርድ ያላችሁም ካርዱን ከእናንተ አትለዩ፤ ሕጉ ራሱ ይዛችሁ እንድትንቀሳቀሱ ያዝዛል።

በመጨረሻም ከተማ የሚቀር አንድ ሰው ምረጡ። የፒክአፑን ሰሌዳና ቀለም፣ የምትገቡበትን መንገድ፣ የምታድሩበትን ቦታና የምትመለሱበትን ሰዓት በጽሑፍ ስጡት፤ ካልደወላችሁ ደግሞ የት እንደሚደውል ጨምሩበት፤ በኔቫዳ የጠፋ ሰው ፍለጋ የሚመራው በካውንቲው ሸሪፍ ነው። ይህ ሰው ይሉኝታ የማያሸንፈው ይሁን፤ «ትንሽ ልጠብቅ፣ ምናልባት ተኝተው ይሆናል» የሚል ወዳጅ ለዚህ አይሆንም። ሰዓቱን ስትጽፉም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግለጹ፤ «እሑድ በ2 ሰዓት» ያላችሁት ለእርሱ ማታ ሆኖ ለእናንተ ከሰዓት በኋላ ሊሆን ይችላል። ፓርኩ ከዩታ ወሰን አጠገብ በመሆኑ ስልካችሁ የዩታን ሰዓት ይዞ በአንድ ሰዓት ሊቀድም ስለሚችል፣ የእጅ ሰዓታችሁን በቬጋስ ሞልታችሁ በእርሱ ተመሩ።