«ሰው የማያውቀን ቦታ ይጠቁሙኝ»

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የ23 ዓመት ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ትምህርቱን አቋርጦ ከመጣ ዓመት ሊሞላው ነው። ሌሊት አይተኛም፤ ብቻውን ያወራል፤ «ስሜን እየጠሩ ይሰድቡኛል» ይላል። ከእናቴ እጅ ካልሆነ ምግብ አይቀምስም። እናቴ ሁለት ጊዜ ጻድቃኔ ማርያም ወስዳ አስጠምቃዋለች፤ ሐኪም ቤት ስላት ግን አትሰማኝም፤ አልተማረችም። ጎረቤት ሲጠይቀን «ሥራ አግኝቶ ሐዋሳ ሄዷል» እንላለን። ከመስቀል ወዲህ ጭራሽ ከክፍሉ መውጣት ትቷል። ሽማግሌ ለጥር ተቀጥሮብኛል፤ ጭንቀት ሊገድለኝ ነው። እባክዎ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው የማያውቀን፣ ምስጢር የሚጠብቅ ጥሩ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይጠቁሙኝ።

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን መጀመሪያ ሳነበው የጠበልና የሐኪም ክርክር መሰለኝ። እንዲህ ያለው ብዙ ይደርሰኛል፤ መልሱም ረጅም አይደለም፦ ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ደግሜ ሳነበው ግን ዓይኔ ሐዋሳ ላይ ቆመ።

ቤታችሁን አላውቀውም። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ ግን ወንድምሽ የተኛበት ክፍል ከዚያ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። አንቺ ስኒ እያቀበልሽ «ሐዋሳ ነው፣ ሥራው ተመችቶታል» ስትዪ እሱ ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ ይሰማል። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ቀን ከሌሊት የሚሰድበው ልጅ፣ ሁሉም የሚሰማው የእህቱ ድምፅ ደግሞ «እዚህ የለም» ሲል ይሰማል። ሐዋሳንና ከክፍሉ መውጣት መተዉን ተከታትለው በመጡ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጽፈሻቸዋል፤ አላያያዝሻቸውም። ልሳሳት እችላለሁ፤ ሕመሙ ራሱም ሰውን ከሰው ያርቃል። ግን አስቢው፦ ወንድምሽ በሩን ከፍቶ ቢወጣ ማን ነው የሚያፍረው? ምስጢራችሁን እንዲጠብቅ የተደረገው እሱ ራሱ ነው።

ሕመሙን አንቺ አላመጣሽውም፤ ይህን በደንብ ያዢልኝ። እንዲህ ያሉ ሕመሞች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በእሱ ዕድሜ አካባቢ ነው፤ ማንም ሊቀጣበት የሚገባ ጥፋት የለም። የምልሽ ስለ መደበቁ ነው። የጠየቅሽኝ ሰው የማያውቃችሁን ቦታ ነው። ወንድምሽ የሚፈልገው ግን ቅርብ ቦታ ነው፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ስለ ቅርበት ትንሽ ልዘርዝር፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። የአእምሮ ሕክምና አንድ ቀን ተሂዶ የሚጨረስ ጉዳይ አይደለም። መድኃኒት ከተጀመረ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል፤ መጠኑ ይስተካከላል፤ ቀጠሮው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቀጥላል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመጀመሪያውን ቀጠሮ በጉጉት ትሄዳላችሁ፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ። በሦስተኛው የመኪናው ብር ይታሰባል፤ ልጁም ትንሽ ተሽሎት «ድኛለሁ» ይላል፤ መድኃኒቱ ይቋረጣል። ከዚያ ሲያገረሽበት «ሐኪምም አልቻለው» ይባላል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቡታጅራና አካባቢዋ ከ68 ሺህ በላይ ሰው በተጠየቀበት ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። በኋላ በዚያው በጉራጌ አካባቢ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሠልጥነው ሕሙማኑን በአቅራቢያቸው ሲከታተሉ፣ በሆስፒታል የሳይካትሪ ነርሶች ከሚሰጠው ክትትል ያላነሰ ውጤት ተገኝቷል።

የአማኑኤል ሆስፒታል ስም ለብዙ ዘመን መሰደቢያ ሆኖ መኖሩን አውቃለሁ፤ «አማኑኤል ገባ» መባልን ማን ይወዳል? ፍርሃትሽ ባዶ አይደለም። ግን አዲስ አበባ መሄድም ከእሱ አያድንሽም።

እናትሽን «አልተማረችም» ብለሻቸዋል። እኔ ከደብዳቤሽ ያነበብሁት ሌላ ነው፤ ልጃቸው ሰውን ሁሉ በተጠራጠረበት ጊዜ እሳቸውን አልተጠራጠረም። እሳቸው ደግሞ ጻድቃኔ ድረስ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እጁን ይዘው ሄደዋል። ከሁለታችሁ እሱን ያልደበቁት እሳቸው ናቸው። (ተናደድሽብኝ ይሆናል፤ ይሁን።)

ለእጮኛሽ ነግረሽዋል? ደብዳቤው ዝም ብሏል። ሽማግሌው ሳይመጣ ብትነግሪው ይሻላል ብዬ አስባለሁ፤ ሐዋሳ ሠርጉ ድረስ አይዘልቅምና። ስለ ዘር ከጠየቀሽ፣ እንዲህ ያለ ሕመም በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ዕድሉ ከፍ ይላል፤ የታመመ ሰው አብዛኞቹ እህት ወንድሞች ግን አይታመሙም። ውሳኔው የእሱ ነው፤ እኔ መገመት አልችልም።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ በደብዳቤ በሽታ አይታወቅም፤ የጻፍሽልኝ ምልክት ግን በአካል ምርመራ ይፈልጋል፤ መጀመሪያ የሚያየውም የአእምሮ ሐኪም ወይም የሳይካትሪ ባለሙያ ቢሆን ይሻላል። እኛ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች መድኃኒት አናዝም፤ የእኛ ተራ በኋላ ነው። የከተማችሁ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። የጤና መድኅን አባል ከሆናችሁ መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ሪፈር ማጻፍ አትርሺ። ጫት ይቅም ከነበረ ለሐኪሙ ተናገሪ። ራሱን ወይም ሰውን እጎዳለሁ ካለ፣ ወይም ከእናትሽ እጅም አልበላም ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ዕለት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ጠበሉን አታስቁሚ። የንስሐ አባታችሁን አነጋግሪያቸው፤ አንዳንድ አባቶች መድኃኒት ይተው ይላሉ፣ አብሮ እንዲወሰድ የሚፈቅዱም አሉ። እናትሽ ካንቺ ይልቅ እሳቸውን ሊሰሙ ይችላሉ፤ አይክፋሽ። ሆስፒታል ስትሄዱ እናትሽ አብረው ይግቡ። ልጁ የሚበላው ከእሳቸው እጅ ነው፤ ኪኒኑንም የሚሰጡት እሳቸው ስለሚሆኑ ሐኪሙ አወሳሰዱን ለእሳቸው እንዲያስረዳቸው ጠይቂው።