ልጆቹ ተፋጠው ቁጭ አሉብኝ፣ ምን ላጫውታቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ አንድ የወጣቶች ክበብ አስተባብራለሁ፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ወደ 30 ልጆች አሉኝ። መጀመሪያ ቀን በየተራ ተነስታችሁ ራሳችሁን አስተዋውቁ ብያቸው ግማሾቹ ድምፃቸው እንኳን አይሰማም፣ ከድሮ የሚተዋወቁት ደግሞ ጥግ ይዘው ለብቻቸው ያወራሉ። ቶሎ የሚያግባባቸው ጌም ካለ ንገሩኝ።

መልስ፦ እህታችን፣ ልጆቹ ምንም አልሆኑም። በማያውቁት ሰው ፊት ብቻን ቆሞ መናገር ለትልቅ ሰውም ይከብዳል እኮ፣ ደግሞ ሁሉም ተራው እስኪደርስ ምን ልበል እያለ ስለሚጨነቅ የሌላውን ስም አይሰማም፣ 30ውም ተናግረው ሲጨርሱ ማንም የማንንም ስም አልያዘም። ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉም አንድ ላይ የሚንቀሳቀስበት፣ ማንም ተለይቶ የማይታይበት ነገር ስጫቸው።

እኔ የልደት ሰልፍን የሚያህል አላገኘሁም። አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ በተወለዱበት ወርና ቀን ቅደም ተከተል ይሰለፉ፣ ዓመቱ አያስፈልግም። አንዷ ሰባት ጣት ታወጣለች፣ አጠገቧ ያለው ወሩ ይሁን ቀኑ ግራ ይገባዋል፣ ይጓተታሉ፣ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ሲጨርሱ ከዳር ጀምሮ እያንዳንዱ ስሙንና ልደቱን ይናገር፣ የተሳሳተ ቦታውን ይቀይራል። 23 ሰው ባለበት ቢያንስ ሁለቱ በአንድ ቀን የተወለዱ የመሆን ዕድሉ ከግማሽ በላይ ነው፣ በ30 ሰው ወደ 70 በመቶ ይጠጋል፣ እና እንደዛ ዓይነት ጥንድ ከተገኘ ክፍሉ በጩኸት ነው የሚሞላው!

ዋናው ጥቅሙ ግን ከዚያ በኋላ ነው። ሰልፉን ሳታፈርሺ ከዳር ጀምረሽ አምስት አምስት እያደረግሽ ቁረጪው፣ እነዛ ጥግ የያዙት ጓደኛሞች ማንም ሳይለያያቸው በራሳቸው ልደት ተበታተኑ ማለት ነው።

በአምስት በአምስቱ ግሩፕ ሁለት እውነት አንድ ውሸት ይጫወቱ፣ አንዱ ስለራሱ ሦስት ነገር ይናገራል፣ ሌሎቹ ውሸቱን ይለያሉ። ቀድመሽ የራስሽን ንገሪያቸው፣ ቀለል ያለ ይሁን፣ ዋና አልችልም፣ ሦስት እህት አለኝ፣ ከፍታ እፈራለሁ የሚል ዓይነት። አንቺ ከባድ ሚስጥር ካወጣሽ እነሱም ማውጣት ያለባቸው ይመስላቸዋል፣ ያ ደግሞ ለመጀመሪያ ቀን በጭራሽ አይሆንም።

ሁሉም እጅ ለእጅ ተቆላልፈው፣ እጃቸውን ሳይለቁ ቋጠሮውን የሚፈቱበትን ጨዋታ ለሌላ ጊዜ አቆዪው። መነካካት የማይፈልግ ልጅ ይኖራል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይፈታም።

መጫወት የማይፈልግ ካለ ሁሉም ፊት ለምን አትበይው፣ ሰዓት እንዲይዝልሽ ስጪው። ብዙዎቹ ሁለተኛው ዙር ላይ ራሳቸው ይገባሉ፣ ካልገባም ሰዓቱን እንደያዘ ይጨርስ።