አረንጓዴውን ሜዳ አንሳውና ያኔ እንነጋገር

እሺ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። ለጦርነት ጨዋታ የምቀባቸው 60 የአድዋ ውጊያ ትንንሽ የወታደር ምስሎች አሉኝ፣ ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር፣ 12ቱን ቀብቼ ጠረጴዛ ላይ ስደረድራቸው የልጅ መጫወቻ ይመስላሉ፣ ከውጭ ውድ ቀለም ላስመጣ ወይ ነው ያልከው አይደል? አታስመጣ። ፎቶዎቹን አስፍቼ አየኋቸው፣ እጅህ ምንም አይልም፣ ፊት ላይማ ከኔ ትሻላለህ። ያበላሹብህ ሁለት ነገሮች ናቸው፣ ከእግራቸው ስር ያለው አረንጓዴና የሸማው ነጭ።

ከእግራቸው ልጀምር፣ ቤዙን (ሰውየው የሚቆምበትን መሬት) ሁሉም ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚያስታውሰው እኔም እንደዛው ነበርኩ። ውጊያው እኮ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፣ የካቲት ላይ እዛ አገር ሳሩ ምን እንደሚመስል አስበው፣ ደርቋል፣ ሌላው አፈርና ድንጋይ ነው። አንተ ስታዲየም ላይ ነው ያቆምካቸው ሃሃ። እኔ ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው፣ እዚህ እንኳን በጋ ላይ ከከተማ ትንሽ ወጣ ብትል ሜዳው ገለባ ነው የሚመስለው። አረንጓዴውን ፍቀህ ጣለውና ወደ ቡናማና ቢጫ ሂድ፣ ይሄን ብቻ ብታደርግ ግማሹ ችግርህ ያልቃል።

ቤዝ የምሰራው በቢራ ቆርኪ ነው። ገልብጬ ውስጡን በጀሶ እሞላዋለሁ፣ ክብደት ስለሚኖረው ሰውየው በንፋስ አይወድቅም፣ ጀሶው ሳይጠብቅ አንድ ሁለት ጠጠር ቀበር አደርግበታለሁ። ካርቶን እንዳትጠቀም፣ ኮላው ውሃ ስላለው ሲደርቅ ይጣመማል።

አሁን አፈሩ ላይ ስንመጣ ያየሁትን አሳር ልንገርህ። መጀመሪያ የገዛ አገሬን አፈር አለብሳቸዋለሁ ብዬ ከጓሮ ጥቁር አፈር አምጥቼ በኮላ ለውሼ ለጠፍኩ። ማታ ሲታይ እንዴት ያምር ነበር መሰለህ፣ በሶስተኛው ቀን ግን ልክ በበጋ ማሳው እንደሚሰነጠቀው ተሰነጣጥቆ ከነሰውየው እግር ተነሳ። ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል ሲደርቅ ይኮማተራል፣ እርሻ ላይ የሚያደርገውን ቆርኪ ላይ የማያደርግበት ምን ምክንያት አለ። ቀጥሎ አንዱ የቡና አተላ ቆንጆ አፈር ይሆናል አለኝ። እውነቱን ነው ይሆናል፣ ግን እኔ የሞከርኩት በሐምሌ ነው፣ ምድጃ ዳር ትንሽ አደረቅኩትና ደረቀ ብዬ 20 ሰው ላይ ለጥፌ ካርቶን ውስጥ ዘግቼ አልጋ ስር ከተትኳቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቴ ቤት ስታጸዳ ከፍታ አይታ "ወታደሮችህ ሸብተዋል" አለችኝ፣ ሄጄ ሳይ ሁሉም ነጭ ሻጋታ አብቅለዋል።

አሁን የምጠቀመው የወንዝ አሸዋ ነው። አጥቤ፣ በአሮጌ ብረት መጥበሻ አምሼ (የቤቱን ምጣድ እንዳትነካ)፣ በሻይ ማጥለያ እነፋዋለሁ። ያለፈውም የቀረውም ይጠቅማል፣ ደቃቁ መሬት ይሆናል ሻካራው ኮረት። 28 ሚሊ ሜትር ሰው በኛ ቁመት ስታሰላው አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፣ ስለዚህ ያቺ ትንሽ የመሰለችህ ጠጠር ለሱ ቋጥኝ ናት፣ አንድ ሴንቲ ሳር ደግሞ ጉልበቱን ያልፋል። ሳሩን ከጓሳ መጥረጊያ ጫፍ ነው የምቆርጠው፣ የመንዝ ጓሳ ቀለም እንኳን አይፈልግም፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ቆርጠህ በኮላ ጠብታ ላይ በወረንጦ አቁመው። ሁሉም ላይ አታድርግ፣ ከሶስት አንዱ ላይ ይበቃል።

አሸዋው ሲደርቅ ጥቁር ቡናማ አክሪሊክ በውሃ አቅጥነህ አፍስስበት ራሱ ገብቶ ይሞላዋል። በደንብ ሲደርቅ ድራይ ብራሽ ነው፣ ፈካ ያለ ቡናማ ብሩሹ ላይ ይዘህ በጨርቅ ጥረገው ጥረገው፣ ምንም የቀረ እስከማይመስልህ ድረስ፣ ከዛ አሸዋውን ከላይ ዳበስ ዳበስ። በመጨረሻ ወደ ክሬም የሚሄድ ቀለም በጣም በጥቂቱ። 60ውም ላይ አንድ አይነት አድርገው፣ ልብሳቸው የተለያየ ቢሆንም አንድ ጦር የሚያስመስላቸው እሱ ነው።

ነጩ ደግሞ፣ ሸማውን በቀጥታ ከቱቦው ነጭ ነው የቀባኸው አይደል? ነጭ ቀለም በደንብ አይሸፍንም፣ አልሸፍን ሲል ትደራርበዋለህ፣ ሲደራረብ እጥፋቱ ይደፈናል፣ ለዛ ነው ሳሙና የመሰሉት። ደግሞ አስበው እንጂ ይሄ ሰው በጥቅምት ከሸዋ ተነስቶ እስከ የካቲት በእግሩ የመጣ ነው፣ ማን አጠበለት። ነጭ ላይ ቡናማና ጠብታ ጥቁር ጨምረህ አመድማ ነገር አድርገህ ጀምር፣ ቀጥለህ በውሃ የቀጠነ ቡናማ እጥፋቱ ውስጥ እንዲገባ አድርግ፣ ከዛ ከፍ ከፍ ያለውን ብቻ በሚፈካ ቀለም እንደ ወተት አቅጥነህ ሁለት ሶስቴ። ንጹህ ነጭ ትከሻ ጫፍና ራስ ላይ ያለው ጥምጥም ላይ ብቻ ነጠብ። ቀዩን ጥለት መጨረሻ።

ቆዳውን ከጥቁር አትጀምር፣ ጥቁር ቡናማ ላይ ትንሽ ቀይ ጨምርና አፍንጫ፣ ጉንጭ፣ የጣት መገጣጠሚያ ላይ እያፈካህ ውጣ። ሁለት ሶስት አይነት ቅልቅል ይኑርህ፣ ሰዉ መቼ አንድ መልክ ሆኖ ያውቃል። አስካሪዎቹን (ከጣሊያን ጎን የተሰለፉትን ያገር ልጅ ወታደሮች) ደግሞ ታርቡሻቸውን (ቆባቸውን) ቀይ አድርግ፣ የወገባቸው መቀነት በየባታሊዮኑ ስለሚለያይ አንዱን ቡድን በአንድ ቀለም ጨርስ።

ስፕሬይ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚነፋው መነሻ ቅብ) ተበላሸብኝ ላልከው፣ ጣሳው ሳይሆን አየሩ ነው። እዚህ ጠዋት ውርጭ አለ ከሰዓት ንፋስ፣ በንፋስ ከርቀት ስትነፋው ቀለሙ መንገድ ላይ ደርቆ አቧራ ሆኖ ይደርስና ፊቱን አሸዋ ያስመስለዋል። ጣሳውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆየው (እሳት አጠገብ እንዳታደርሰው!)፣ 20 እና 30 ሴንቲ መሃል ሆነህ ቶሎ ቶሎ እያቋረጥክ ንፋ። በክረምት ተወው በብሩሽ ቀባ። ማት ቨርኒሹም (መጨረሻ ላይ የሚነፋው የማያብለጨልጭ መከላከያ ቅብ) እንደዛው ነው፣ እርጥብ አየር ላይ ጉም ይሰራል፣ እኔ የክረምቱን ስራ ሳልቨርኒሽ አስቀምጬ መስከረም ካለፈ በኋላ ነው የምጨርሰው።

48ቱን አንድ በአንድ አትቀባ ትሰለቻለህ። አስር አስር አድርገህ በሻማ ሰም የሃይላንድ ክዳን ላይ አጣብቃቸው፣ የአስሩንም ቆዳ፣ ቀጥሎ የአስሩንም ሸማ። ዳርና ደርዝ ላይ ጊዜ አታጥፋ፣ ከክንድ ርቀት የማይታይ ነገር ጨዋታ ላይም አይታይም። የተጣመሙት ጦሮች ፕላስቲክ ከሆኑ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረህ አቅናቸውና ቶሎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተት። ወደ አዲስ አበባ ይዘሃቸው የምትወርድ ከሆነ የእንቁላል ትሪ ፈልግ፣ በየጉድጓዱ ጥጥ አድርገህ አንድ አንድ ሰው፣ ጭንህ ላይ ይዘኸው ተቀመጥ እንጂ ለረዳቱ ከላይ እንዳትሰጠው።