ኢጂአሩን ላስደፍነው ወይስ ላስጸዳው?

የናፍታ መኪና ጥያቄዎቻችሁ፣ ከድሬዳዋ መካኒክ መልስ ጋር

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? ከድሬ ሐረር የምጭን የአባዱላ ሹፌር ነኝ። ሞተሯ ዲፎርዲ የሚባለው የቶዮታ ናፍታ ነው። ከሁለት ወር ወዲህ የደንገጎን ዳገት ስወጣ ጉልበት ታጣለች፤ ጭሷም ጥቁር ሆኗል። አንዳንዴ ከኋላዬ ያለው መኪና በስፖኪዮ አይታየኝም። ጋራዥ ብወስዳት መካኒኩ «ኢጂአሩ ነው። ላሜራ ቆርጬ ልድፈንልህና ተገላገል» አለኝ። አብረውኝ ተራ ከሚይዙት ሹፌሮች ግማሹ አስደፍኖ «ጉልበቷ ተመለሰ» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ሞተር ይገድላል» ይላል። ግራ ገባኝ። ምን ይመክሩኛል?
የደንገጎ ሹፌር፣ ከሳቢያን

መልስ፦ ወንድሜ፣ ላሜራው ይቆይ። መጀመሪያ ይፈታና ውስጡ ይታይ።

ኢጂአር በር ነው። ከሞተሩ ከወጣው ጭስ ጥቂቱን መልሶ ወደ አየር መግቢያው ያስገባል። ይሄ ለብዙ ሰው እብደት ይመስላል፤ የወጣ ጭስ ለምን ይመለሳል? ምክንያት አለው። የተቃጠለ ጭስ ኦክስጅኑ አነስተኛ ነው። ከንጹሁ አየር ጋር ሲቀላቀል ሲሊንደር ውስጥ ያለው ቃጠሎ ረገብ ይላል። ካልረገበ ግለቱ ከመጠን ያልፍና በአየሩ ውስጥ ያሉት ናይትሮጅንና ኦክስጅን ተጣምረው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይሆናሉ። ሳንባ የሚያቆስል ጋዝ ነው።

አሁን ይቺን ልብ በል። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጠህ ደንገጎን ስትወጣ፣ ሞተሩ ያገኘውን አየር ሁሉ ይፈልጋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ኢጂአሩን ራሱ ይዘጋዋል። ጤነኛ ኢጂአር ዳገት ላይ ጉልበት አይሰርቅም። ጓደኞችህ ላሜራ አስገብተው ጉልበት ከተመለሰላቸው፣ በሩ ክፍት እንዳለ ተጣብቆ ነበር ማለት ነው። ላሜራው የተጣበቀውን በር ሸፈነው እንጂ ለምን እንደተጣበቀ አልጠየቀም።

ለምን እንደሚጣበቅ ባለፈው ጥቅምት የፈታኋት አንዲት አባዱላ ትንገርህ። የአየር ማኒፎልዷን፣ አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን ቱቦ፣ ሳወርደው ሦስት ጣት የሚያስገባው ቀዳዳ እርሳስ የምታህል ክፍተት ብቻ ቀርታዋለች። ውስጡ የድስት ቂጥ ጥቀርሻ በሬንጅ የተለወሰ ይመስላል። በእንጨት እየፋቅኩ ጋዜጣ ላይ ከመርኩት። አንድ የድልህ ጣሳ ሞልቶ ተረፈ። ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ጣሳውን አንስቶ መዘነውና ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

ያ ቆሻሻ ከሁለት ቦታ ይመጣል። ጥቀርሻው በኢጂአር በኩል ይገባል። ዘይቱ ደግሞ ከሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ በትነት ይመጣል። ሁለቱ ማኒፎልድ ውስጥ ይገናኙና እንደ ሲሚንቶ ይጋገራሉ። ድሬ ላይ ይሄን የሚያፈጥን አንድ ልማድ አለን። በግንቦት ሙቀት ተራ እየጠበቅን ኤሲ ከፍተን፣ ሞተር አስነስተን አንድ ሰዓት እንቆማለን። ሚኒሞ ላይ የቆመ ናፍታ ሞተር አይግልም። ያልጋለ ሞተር ደግሞ ጥቀርሻ ያበዛል። እኔ ለሹፌር ከምመክረው ነገር ሁሉ ርካሹ ይሄ ነው፦ ተራ ስትጠብቅ አጥፋው፤ ጥላ ፈልግ።

ደንገጎም የራሱ ድርሻ አለው። ድሬ ከባሕር ወለል ወደ 1,200 ሜትር ናት፤ ሐረማያ ስትደርስ 2,000 አካባቢ ነህ። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። አየር መግቢያዋ የተደፈነች መኪና ሜዳ ላይ ችላ የምትሄደውን እዚያ ላይ አትችለውም። የመጣው ነዳጅ የሚያቃጥለው አየር ሲያጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጣ። በመልካ ጀብዱ አቧራ የተደፈነ ከሆነ ቀይረው፤ በኮምፕሬሰር ነፍተህ መልሰህ አትክተተው፣ ወረቀቱ ይቀደዳል። ቀጥሎ ከቱርቦው እስከ ማኒፎልዱ ያሉትን ጎማ ቱቦዎች በእጅህ ዳብስ። አየር የሚያመልጥበት ቦታ ዙሪያው በዘይት ርሶ አቧራ ይዟል። ብዙ ጊዜ የላላ ፋሸታ ነው ጥፋተኛው። ከዚያ ወደ ኢጂአሩ ሂድ።

ሲጸዳ ባትሪው ይነቀል፤ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። በሩ ከወረደ በኋላ ክፍት የቀሩት ቀዳዳዎች ወዲያው በንጹህ ጨርቅ ይወተፉ። አንድ የጥቀርሻ ቅርፊት ወደ ሲሊንደር ከወደቀ ሌላ ጣጣ ነው። ብረቱ ክፍል ናፍታ ውስጥ ቢያድር ቆሻሻው ይላላል። ኤሌክትሪክ ያለበት ጎኑ ግን ፈሳሽ አይንካው። በካቻቢቴ አይፋቅ፤ መቀመጫው ከተጫረ በሩ ሁለተኛ አይገጥምም። እንጨትና የመዳብ ብሩሽ ይበቃል። ሲመለስ አዲስ ጓርኒሲዮን ይግባ። መካኒክህ ጭምብል ያድርግ፤ ያንን ዱቄት መተንፈስ የለበትም።

ማሻሻል ከፈለግክ እኔ የምወደው አንድ ለውጥ አለ። በመተንፈሻው ቱቦ ላይ የዘይት ትነቱን የሚያጠራቅም ጣሳ ይገጠምለት። ዘይቱ ማኒፎልድ ከመድረሱ በፊት እዚያ ይቀራል። ዘይት በቀየርክ ቁጥር ጣሳውን ድፋ። ከረሳኸውና ከተደፈነ የሞተሩ ግፊት መውጫ አጥቶ ዘይት በየጓርኒሲዮኑ ያስተፋል። ስለዚህ የሚከታተለው ሰው ብቻ ያስገጥም።

እኔም በወጣትነቴ ስንቱን ደፍኛለሁ። አንዷ መኪና ግን አትረሳኝም። ላሜራ አስገብቼላት ጉልበቷ ተመለሰ፣ ሰውየው መርቆኝ ሄደ። ከጥቂት ወራት በኋላ ውሃ እየጎደለባት መጣች። የኢጂአሩ ማቀዝቀዣ ተሰንጥቆ ኖሯል። ያን ቀን ፈትቼው ቢሆን አየው ነበር። ሞተሯ ጋለ፤ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ተጣመመ። ሰውየው በዚያች መኪና ነበር ልጆቹን የሚያስተምረው። ከዚያ ወዲህ ሳልፈታ ደፍኜ አላውቅም። አሁንማ ፈትቼም አልደፍንም። በአዲሶቹ ሞተሮች ላይ ኮምፒውተሩ የሚመለሰውን ጭስ ይለካል፤ ካጣው ፒ 0401 የሚል ኮድ ይጽፍና ቼክ ኢንጂን ያበራል። መብራት የለመደ ሹፌር ደግሞ የዘይት ችግር ሲመጣም አያምነውም።

አባቴ የሽመንደፈር ሠራተኛ ነበር። ወርክሾፕ ውስጥ የናፍታ ጭስ ሲተነፍስ ኖሮ ሲያስል አረጀ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍታ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ በመጀመሪያው ምድብ አስፍሮታል። ያንን ሳነብ የታየኝ የእሱ ሳል ነው። ደንገጎ ላይ መንገድ ዳር ቆመው የሚሸጡት ልጆች ከማርሚታህ ቁመት ብዙም አይበልጡም።


ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከአውሮፓ የመጣች የናፍታ የቤት መኪና አለችኝ። ከከዚራ ሥራ ቦታዬ ድረስ ሦስት ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው። ሰሞኑን ብርቱካናማ መብራት በራ። ኮምፒውተር ሲደረግ «ዲፒኤፍ ሞልቷል» ተባልኩ። ሆዱን አውጥተን ባዶውን እንበይደው አሉኝ። ይሻል ይሆን?
የከዚራ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳያስወጡት። የርስዎ መኪና አልታመመችም፤ መንገድ አጥታ ነው።

ዲፒኤፍ የማርሚታው መስመር ላይ ያለ ማጣሪያ ነው። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሴራሚክ ነው። ጥቀርሻውን ይይዝና ሲጠራቀምበት በ600 ዲግሪ አካባቢ ራሱ ያቃጥለዋል። ለዚያ ግን መኪናዋ በደንብ መጋል አለባት። በሦስት ኪሎ ሜትር ሞቅ ሳትል ይደርሳሉ፤ ያጠፏታል። ማቃጠሉ ይጀመርና ይቋረጣል። እየተቋረጠ ሲደጋገም ለማቃጠያ የሚረጨው ናፍታ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የዘይት ሊቬሎዋን ይዩልኝ። ከፍ ካለ ዘይቱ ቀጥኗልና ይቀየር።

መብራቱ ዝም ብሎ የሚበራ ከሆነ፣ ቅዳሜ ልጆችዎን ይዘው በደወሌ መንገድ ግማሽ ሰዓት ይንዱ። ማርሽ አንድ ዝቅ ይበል፤ ዙሩ ከ2,000 በላይ ይሁን። ሲያበቃ ደረቅ ሣር ላይ አያቁሟት፤ ሥሩ በጣም ይግላል። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ወይም ቼክ ኢንጂን ከተጨመረበት ግን አይንዱ። ጋራዥ ውስጥ በኮምፒውተር ታዞ ጥቀርሻው ይቃጠላል።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ያስፈትሹ። ከዲፒኤፉ ግፊት ወደሚለካው ሴንሰር የሚሄዱ ሁለት ቀጫጭን ጎማዎች አሉ። በድሬ ሙቀት ይሰነጠቃሉ። ጎማው ሲቀደድ ሴንሰሩ የተሳሳተ ግፊት ያነባል፤ ኮምፒውተሩም ማጣሪያው ችግር አለበት ብሎ ያምናል። በዚህች ጎማ ምክንያት ደህና ዲፒኤፍ ተቆርጦ ሲጣል አይቻለሁ፤ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

ዘይቱ አመዱ አነስተኛ የሆነ ይሁን። ጣሳው ላይ ሲ3 የሚል ይፈልጉ፤ ወይም መጽሐፏ የሚለውን። ጥቀርሻ ይቃጠላል፣ የዘይት አመድ ግን አይቃጠልም፤ ማጣሪያው ውስጥ ለዘላለም ይቀራል። ናፍታም ብዙ ሰው ከሚቀዳበት ማደያ ይቅዱ። እነዚህ መኪኖች የተሠሩት ሰልፈሩ ከ10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 10 እጅ) ለማይበልጥ የአውሮፓ ናፍታ ነው፤ ሰልፈር ሲበዛ ከማጣሪያው ፊት ያለው ጭስ አንጺ ካታሊስት ይደክማል። በደንብ ይያዟት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ምትክ ማግኘት ቀላል አይደለም።


ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ነኝ። ፒካፔ ጠዋት ስትነሳ ነጭ ጭስ ታወጣለች። ጎረቤት ተቆጣኝ። ይሄም ኢጂአር ነው?

መልስ፦ ሰዓት ይዘህ እየው። በሁለት ሦስት ደቂቃ የሚጠፋ፣ ዓይን የሚያቃጥልና ናፍታ ናፍታ የሚሸት ከሆነ ካንዴሌታዎቹን፣ ሞተሩ ሲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቁትን፣ አስለካ። የሐረር ጠዋት ከድሬው ይቀዘቅዛል፤ አንዷ ከሞተች ናፍታው ሳይቃጠል ይወጣል። ሞተሩ ከጋለም በኋላ የማይጠፋ፣ ጣፈጥ ያለ ሽታ ያለውና ውሃ የሚጎድልበት ከሆነ የኢጂአር ማቀዝቀዣው ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ ነው። ያኔ ወደ ድሬ እንኳን እንዳትነዳት፤ መካኒኩ ቤት ድረስ ይምጣ። እስከዚያው አፍንጫዋን ወደ ግድግዳው አድርገህ፣ ማርሚታዋን ወደ ሰፊው መንገድ አዙረህ አቁማት። ጎረቤትህንም ሄደህ ይቅርታ በለው።